ፋሲካን የጠበቀው ቤዝ ጊታር

ዛሬም ከቆመ መኪና ውስጥ ጎርናና የቤዝ ጊታር ድምፅ ስሰማ፣ ሐበሾች በሚበዙበት የአሜሪካ ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከእናቴ የልብስ ሱቅ በላይ የነበረችው ጠባብ ቤታችን ትዝ ትለኛለች። ታላቅ እህቴ ሕይወት የጋራ መኝታ ቤታችንን ዘግታ ስትለማመድ፣ የዘጠኝ ዓመቷ እኔ የቤት ሥራዬን ትቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አዳምጣት ነበር።

ትምህርት በተዘጋበት በጋ ያስተማረቻት ጎረቤታችን ሊንዳ ነበረች። ሊንዳ በወጣትነቷ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ፖስት ፐንክ የሚሉትን ሻካራ የሮክ ሙዚቃ ትጫወት ነበር፤ ወንዶቹ መጀመሪያ ተማሩ እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ በሚያውቋት ጥቂት ኖታ የራሳቸውን ዘፈን ሠርተው መድረክ ላይ ወጡ። ይህን ስትነግረን ሕይወት ምራቋን መዋጥ ትረሳ ነበር። ትምህርት ሲከፈት እሷም ከሁለት የክፍሏ ልጃገረዶች ጋር ባንድ አቋቁማ፣ በሊንዳ ጋራዥ ውስጥ ይንጫጩ ጀመር።

ዝናቡ አልፎ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን እኛ ቤት ዘፈን አይታሰብም ነበር። ሕይወት ጊታሯን አልጋ ሥር አስገብታ፣ ከፋሲካ በኋላ እንደምትመለስ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም የራሳቸው ፋሲካ ባለፈ ማግስት ለመጀመሪያ ዝግጅታቸው ቀን ቆረጡ። የእኛ ፋሲካ ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር። እናቴን ብትለምናት፣ ብታኮርፍባት፣ ወይ ፍንክች።

«ጾሙ ሳይፈታ አይሆንም፣ ልጄ። ካንስል አድርጊው» አለቻት።

ሕይወት ሌላ ሰው እንዲተኩ ልትነግራቸው እያለቀሰች ወደ ጋራዡ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሊንዳ ግን እሷም በወጣትነቷ እናቷን ልታስታምም በሄደችበት ጓደኞቿ በሌላ ሰው እንደተኳት፣ ያንን በማንም ልጅ ላይ እንደማታደርግ ነግራን፣ ዝግጅቱን ከእኛ ፋሲካ በኋላ ወዳለው ቅዳሜ አዛወረችው። እናቴ ይህን ስትሰማ የምታጥፈውን ነጠላ ይዛ ቆመች።

«ላንቺ ብለው ጠበቁ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ኦኬ፣ ሶ ድራይቭ የማደርጋችሁ እኔ ነኝ።»

በዚያ ቅዳሜ እናቴ ጥቁር በጥቁር በለበሱ ወጣቶች መካከል በሐበሻ ቀሚሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ታጨበጭብ ነበር። ሕይወት አንድ ቦታ ስታ፣ ስህተቷን ደጋግማ ስትጫወተው የዘፈኑ አካል ሆነ። እንደዚያን ቀን በእህቴ ኮርቼ አላውቅም።

ሕይወት አሁን ሎንግ ቢች ሆስፒታል ትሠራለች፣ በዕረፍቷም ትጫወታለች፤ እኔም እሷን አይቼ ድራም ያዝኩ። እህቴ መድረክ ለመውጣት ያን ሁሉ እንባ አፍስሳለች፤ እኔ በተራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጫወት ስወጣ ግን፣ እናቴ በር ላይ የጠየቀችኝ ምሳ መብላቴን ብቻ ነበር።