ከካላማዳሪው ጀርባ የነበረው ሾክ

ሸዋገነትን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው የብስክሌት ዕቃ መሸጫዋ በር ላይ ለዓመታት አልፌያለሁ። አልፎ አልፎ ለልጄ ብስክሌት ካላማዳሪ ከእሷ ገዝቻለሁ። ከዚያ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። የሚከተለውን ያጫወተኝ አጠገቧ ብየዳ ቤት ያለው ዩሱፍ ነው፤ እሱ ያላየውን ደግሞ እሷው ራሷ፣ ሌላ ሥራ እየሠራች፣ በቁራጭ በቁራጭ ነግራኛለች። የጎደለውን የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ ስህተት ከተገኘ የእኔ ነው።

ሸዋገነት ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ብስክሌቶችን ከመርካቶ በጅምላ ትገዛና ፈታታ፣ የሚሸጠውን ለይታ ትሸጣለች። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከመጣላት ክምር ውስጥ የኋላ ሾክ አገኘች። ከኮርቻው በታች ተገጥሞ የኋላው ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ምቱን የሚውጠው እሱ ነው፤ ከላዩ ሞላ ተጠምጥሞበታል፣ ሆዱ ውስጥ ዘይት አለ። በጨርቅ ጠርጋ በሙሉ ሰውነቷ ተጫነችው። ጥቂት ሰመጠ፣ ስትለቀው ሳይቸኩል ተመለሰ። ዘይቱ ጠብ አላለም። ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ በሜትር ለካችው። ሞላው ላይ የታተመውን ቁጥር አነበበች፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሰው የሚሆን። ለልጇ ለብሩኬ ብስክሌት ታዝዞ የመጣ ይመስል ነበር።

ዙሪያዋን አየች። ከዚያ የካላማዳሪ ጆንያውን ገፋ አድርጋ ከጀርባው ወሸቀችው።

ብሩኬ የሚነዳው ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበትን ብስክሌት ነው። በመጪው እሑድ ወጨጫ ላይ የጓደኞቹ ውድድር ነበር፤ የእሱ ሾክ ግን ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል። እዚያው ወጨጫ ላይ ባለፈው ዓመት ወድቆ ትከሻው ተሰብሯል። ወጌሻ ሲያሸው እግሩን የያዘችው እናቱ ነበረች፤ ወራት ሙሉ ሸሚዙን የምታወልቅለትም እሷ። ያን ጊዜ ያሰማው የነበረው ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ሾክ ካጣ አይሄድም ብላ አሰበች። ተንኮሏ ይኸው ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብሩኬ እየተጣደፈ ገባ።

«እማ፣ ከክምሩ ምንም አልወጣም?»

«ሁለት አለ። ና እይ።»

ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ድሮም የነበሩ ናቸው። አንደኛው ሞላ የሌለው፣ በአየር የሚሠራ ነው። ብሩኬ በፓምፕ ነፋውና ጆሮውን አስጠጋ።

«እየተነፈሰ ነው። ይሄ እኔን አይደለም፣ ራሱንም ተራራው ጫፍ አያደርስ።»

ሌላኛው ረዘም ይላል። ሲገጥሙት የብስክሌቱ ኋላ ተነሥቶ ኮርቻው ወደ መሪው አዘነበለ።

«በዚህ ብወርድ በአፍንጫዬ ነው የምተከለው» አለ ብሩኬ። «ሦስተኛ የለም?»

«ያየኸው ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ። «ዘንድሮ ቢቀርብህ ምን ትሆናለህ?»

ብሩኬ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።

የሸዋገነት አባት ከጋሞ ደጋ መጥተው ኮልፌ ላይ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ እንቢ እንደማይባል በልጅነቷ አይታለች። እሷም ሣር ነጭታ ልጇ ፊት ብትንበረከክ ብሩኬ እንደሚቀር አልተጠራጠረችም። ግን ሣር የሚያዘው ሰው ከሰው ተጣልቶ ደም ሊፈስ ሲል ነው። ሣሩን የገዛ ልጅ ማሰሪያ ማድረግ ነውር መሰላት። መደበቁ ቀለለባት።

ቅዳሜ ከሰዓት የዩሱፍ መቁረጫ ማሽን ሲጮህ ሰማች። ብቅ ብትል የልጇ ብስክሌት በጎኑ ተጋድሟል፤ ዩሱፍ ወፍራም ጥቁር ሞላ እግሩ ሥር ረግጦ እየቆረጠ ነው፤ ብሩኬ ደግሞ የተበላሸውን ሾክ ታቅፎ ይጠብቃል።

«ምንድነው እሱ?»

«የባጃጅ ሞላ ነው፣ እትዬ ሸዋ» አለ ዩሱፍ። «የብሩኬ ሾክ ላይ ላለብሰው ነው። አራት ሰው ጭኖ የቤቴልን ዳገት የወጣ ሞላ ነው፤ የእርስዎን ጭራሮ ልጅ ያቅተዋል?»

«ጭራሮ አለኝ፣ እማ! የራሱን ቦርጭ ረስቶ።»

ዩሱፍ ክፉ አላሰበም። ወደ እሱ የሚመጣው ታክሲና ባጃጅ ሁሉ ትርፍ ጫኝ ነው፤ ባለቤቱም ሁሉ «ጠንከር አድርግልኝ» ይለዋል። እዚህ መንገድ ላይ ጥሩ ሞላ ማለት የማይበገር ሞላ ነው። ሞላው ተገጥሞ ሲያበቃ ሸዋገነት እጇን ኮርቻው ላይ አድርጋ ተጫነችው። ግድግዳ የተጫነች ያህል ነበር።

«አይሰምጥም» አለች።

«ምን ሊያደርግልን ይሰምጣል?» አለ ዩሱፍ።

ብሩኬ ተቀምጦበት መንገዱን ዞረና ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዘለለ። ጠርዙ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። የኋላው ጎማ መሬት ሲነካ ሞላው እንደ በቅሎ ረገጠው። ሁለቱም እግሮቹ ከፔዳሉ ወጡ፣ ደረቱ መሪው ላይ አረፈ፣ ብስክሌቱ ተንገዳግዶ መንገድ ዳር ጫማ የሚጠርግ አንድ ሊስትሮ ጥላ ሥር ደርሶ ቆመ።

«ኧረ ሰውዬ፣ ደንበኛዬን ልትገድልብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ ሊስትሮው።

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አለ ዩሱፍ፣ እንደ በፊቱ ግን እርግጠኛ አይመስልም።

ብሩኬ ሳቀ። እየሳቀ ግን ቀኝ እጁ ወደ ግራ ትከሻው ሄዶ ያን የተሰበረውን ቦታ ያዘ። እሱ ራሱ ልብ ያለው አይመስልም። እናቱ አየችው።

«በዚህ ነው ነገ የምትወርደው?»

«ሌላ የለም አልሽኝ አይደል፣ እማ? እይዘዋለሁ።»

ሸዋገነት ወደ ሱቋ ተመለሰች። ሾክ ካጣ አይሄድም ያለችው ሐሳብ እዚያው አስፋልት ላይ ፈርሷል። ዝም ካለች ልጇ ነገ ያን በቅሎ ይዞ ቋጥኝ ለቋጥኝ ይወርዳል። ሾኩን ካወጣች ደግሞ ልጇን በገዛ እጇ ሸኘችው ማለት ነው፤ ቢወድቅ ማንን ልትወቅስ? ጆንያው ፊት ቆማ ጨርቁን በእጇ ጠመዘዘች። አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ሆኖ ስለ ፍሬን ሽቦ ጠየቃት፤ «ዘግቻለሁ» አለችው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ከዚያ ጆንያውን ገፋችው።

ሾኩን ይዛ ወጥታ የዩሱፍ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ብሩኬ አነሣው፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አነበበ።

«መቼ ነው የመጣው?» አለ ብሩኬ።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እኮ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀኸኛል። ያንን የባጃጅ ጉድ ፍታልኝ።»

ራሷ ገጠመችው። ብሎኖቹን አጥብቃ ስትጨርስ ብሩኬን ኮርቻው ላይ አስቀመጠችውና ሾኩ ምን ያህል እንደሰመጠ በጣቷ ለካች። ትንሽ በዛባት፤ ሞላውን አንድ ዙር ጠበቅ አደረገች። ሾኩ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀይ ማዞሪያ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲመለስ አዞረችለት።

«በል ውረድ።»

ከዚያው ጠርዝ ወረደ። ጎማው ነካ፣ ሰመጠ፣ ተመለሰ። ብሩኬ ከኮርቻው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ወረደ። ዩሱፍ ማጨብጨብ ጀምሮ የሸዋገነትን ፊት ሲያይ ተወው።

ብሩኬ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ ከብስክሌቱ አልወረደም።

«እማ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዩሱፍ ሞላ ባይረግጠኝ ኖሮ፣ ይሄንን ታወጪው ነበር?»

ሸዋገነት ዘይት የነካ እጇን በጨርቁ ጠረገች።

«እሱን አትጠይቀኝ» አለችው።