የግራው ክፍል ጫጩቶች

በዶሮ ምርምር ጣቢያው እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ «አባ ጫጩት» ይላቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫጩት ሲቀልቡ፣ ኩስ ሲጠርጉና የማሞቂያ አምፖል ሲቀይሩ ኖረዋል። የታመመች ካዩ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚውሉት። «ዘንድሮስ ስንት ፈለፈሉ?» ተብለው ቢቀለድባቸውም ግድ አልነበራቸውም።

ግድ ያላቸው በሟች ባለቤታቸው ሲቀለድ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ወቅጣ፣ ዘፍዝፋና አጥልላ እንዳይታመሙና እንዲወፍሩ ብላ ጭማቂውን ከጫጩቶቿ መኖ ጋር ትለውስ ነበር። የጣቢያው ባለሙያዎች «ዶሮዋን ገና በቁሟ ታጣፍጣለች» እያሉ ሳቁባት። ሴትዮዋ ይህን እየሰማች ሞተች። አንድያ ልጃቸው ግን ነገሩን ሆዷ ውስጥ ይዛ አደገች፤ ለማስተርስ ጥናቷም ሌላ ርዕስ አልፈለገችም።

«እማዬ ልክ እንደነበረች በሚዛን አሳያቸዋለሁ» አለች።

ሁለት ክፍል ተዘጋጀና በየክፍሉ ስልሳ ጫጩት ገባ። የቀኙ ጭማቂ የተለወሰበት መኖ ይበላል፤ የግራው ደረቁን ብቻ። እሷ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ መጥታ ትመዝናለች፤ ማብላቱ የአባትየው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ገባ። የቀኞቹ እንደ ልባቸው ሲሯሯጡ የግራዎቹ ክንፋቸውን ጥለው ማንቀላፋት ያዙ። በአንድ ቀን ሁለት ሞቱ። አባ ጫጩት አንጀታቸው አልቻለም።

«እነዚህስ ምን በደሉ?» አሉ ለራሳቸው። ደግሞስ ጫጩት ካለቀባት የልጄ ጥናት ምን ሊሆን ነው ብለው ሰጉ። ከዚያች ቀን ጀምረው ለግራዎቹም ከጭማቂው እየጨለፉ ለወሱላቸው። ጫጩቶቹ ነፍስ ዘሩ። ሰውዬው ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ሰላማዊ እንቅልፍ ተኙ፤ ምን ያድርጉ፣ ያስተማራቸው የለ።

የመጨረሻው ምዘና ቀን ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሚዛን ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

«አየሽ ልጄ! የቀኙም የግራውም እኩል! አንዱ ከአንዱ አያንስም!»

ልጅቷ ደግማ መዘነች። ሦስተኛም መዘነች። ከዚያ የመኖው ጆንያ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ልዩነት ከሌለው አይሠራም ማለት ነው፣ አባዬ። የሳቁት ሰዎች ልክ ነበሩ።»

አባ ጫጩት ያኔ ገባቸው። ልዩነቱን ያጠፉት ለግራዎቹም የለወሱት እሳቸው ናቸው። ልናገር ብለው አፋቸውን ከፈቱና ልጄ ትጠላኛለች ብለው መልሰው ዘጉት። አንድ ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ቤት መጣች። የጥናቷን ወረቀት «ጭማቂው ጥቅም አልተገኘበትም» ብላ ፈርማ አስገብታለች፤ ጣቢያው ክፍሎቹን ለሌላ አጥኚ ሰጥቷል። «እኔም እንደነሱ እማዬን ሳቅኩባት» አለች። ይህን መሸከም አልቻሉም፤ አለቀሱና ሁሉንም ተናገሩ።



«ለምን በዚያኑ ቀን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁሽ፣ ልጄ። ነገ ሄጄ ለአለቆቹ እናገራለሁ።»

«አባት ለልጁ ዋሸላት ነው የሚሉት። ማን ያምንሃል?»

እውነቷን ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከሳቸው ላይ አልነቀለችም።

«ከሰጠሃቸው በኋላ የሞተ ነበር?»

«አንድም።»

«እነዚያ የሚያንቀላፉትስ?»

«በሦስተኛው ቀን ተነሡ። ሁሉም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባትየው ሊያቅፏት ተነሥተው፣ መንካቱን ፈርተው እዚያው ቆመው ቀሩ።

«ይሠራል» አለች እያነባች። «አባዬ፣ ይሠራል እኮ።»