ከማዶ ያዩን ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ለታላቅ እህቴ ለየሺ ማቀዝቀዣ በየወሩ እየከፈልኩ ልገዛ ጎንደር አንድ ሱቅ ገባሁ። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ሳላነብ አልፈርምም። ውሉ «በማንኛውም ምክንያት አንድ ክፍያ ያዘገየ ዕቃውን ይመልሳል፤ የከፈለው አይመለስለትም» ይላል።

«ወንዝ ቢሞላስ?» አልኩት ሻጩን።

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ማቀዝቀዣው እኮ ቤት ድረስ ነው የሚመጣልዎት!»

እኔ ግን ሐሳቤ ሽንፋ ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር።

ነሐሴ ነው። እርጥቡ ጥቁር አፈር ይሸታል፤ ሰሊጡ አብቦ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ነጭ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ የምኖረውም የሺ ዘንድ። ከወንዙ ማዶ ሸሕዲ ከተማ ካለ ነጋዴ ከሱዳን የመጣ የልብስ ስፌት መኪና በየወሩ ልትከፍል ወስዳ፣ የቀራት የመጨረሻው ክፍያ ብቻ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው።

በእኛ ቆላ ውሃ የከለከለው ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ከማዶ ምስክር ይጠራል። በቀኑ እንደደረሰ ይቆጠርለታል። የሺም ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከፍ አደረገችው።

«ቀኔ ዛሬ ነው! ይዤ መጥቻለሁ! ምስክር ሁኑኝ!»

ማዶ ለአረም የመጡ የጎጃም ልጆችና አያ ተሻለ የሚባሉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«አየንሽ!» አሉ አያ ተሻለ።

«ቋጠሮውን ወርውሪው፣ እኛ እናደርስልሻለን!» አለ ከልጆቹ አንዱ። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ሳቅ ሆነ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ወደ ቤት ተመለስን።

ውሃው ሲጎድል ተሻገርን። ነጋዴው ገንዘቡን አልነካውም፤ ውሉን ዘረጋ። አንድ ቀን ያሳለፈ ዕቃውንም የከፈለውንም ያጣል ይላል።

«እሷ በቀኗ መጥታለች» አሉ ሊመሰክሩ አብረውን የመጡት አያ ተሻለ። «የዘገየው ወንዙ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ አያ። ወንዙ ግን አልፈረመልኝም።»

መኪናዋን ሊጭኑ ሲመጡ የሺ አላለቀሰችም። ክሩን ብቻ ነቅላ አስቀረች። «ክሩን በራሴ ነው የገዛሁት» አለች።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን በነጋዴው ሱቅ በር ሳልፍ መኪናዋ አቧራ ለብሳ ቆማ አያት ነበር። ገዢው ሁሉ «ያቺ የወንዙ መኪና አይደለችም?» እያለ ያልፋታል። የሺ በእጇ ትሰፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውል አንብቤያለሁ። «በማንኛውም ምክንያት» የሚለውን የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ውሃ በማይደርስበት ዳር የቆመ ነው።

«ጋሼ፣ ይፈርማሉ?»

እስክሪብቶውን መለስኩለት። ውጭ ወጥቼ የሺ ጋ ደወልኩ።

«ገዛህልኝ?» አለችኝ።

«ወንዙ ሞልቷል» አልኳት።

ከወንዝ ማዶ እንደሚመሰክር ሰው ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አየሁህ» አለችኝ።