በረዶ የዋጠው መስቀል

አባቴ «አምነው የሰጡት ነገር መንገድ ላይ አይቀርም» ይል ነበር። ስሰደድ ከአንገቱ ፈትቶ ያሰረልኝ የእንጨት መስቀል ግን እዚህ ኦስሎ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለችው ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ዳገት ላይ ቀረብኝ።

የወሰደችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ጉልበትህን እጠፍ እንጂ! እንደ ግንድ አትገተር!» እያለች ትጮሃለች፤ እኔ «ቅዱስ ሚካኤል ድረስልኝ» እያልኩ ቁልቁል እንከባለላለሁ። ቤት ገብቼ አንገቴን ብዳብስ ክሩ የለም። በማግስቱ ብመለስ ሌሊት የወረደው በረዶ ሁሉን ውጦታል። በረዶው ሳይቀልጥ አባቴም አገር ቤት አረፈ፤ ከእሱ ሌላ ማስታወሻ አልነበረኝም።

በረዶው ቀልጦ በጋ ሲሆን ጸልዬ ሄድኩ። ያ ነጭ ዳገት ለምለም ሣር ሆኗል። በአራት እግሬ እየዳህኩ ሣሩን ስዳብስ፣ ዳገቱን በነጻ የሚንከባከቡ አንድ ሽማግሌ የሣር ማጨጃቸውን አቁመው መጡ።

«አመመህ እንዴ?» አሉኝ።

በቋንቋቸው «ኔይ፣ ኔይ»፣ አላመመኝም ብዬ አንገቴን እያሳየሁ ጣቶቼን አመሳቀልኩላቸው።

እጄን ይዘው ወደ አንድ ረጅም ምሰሶ ወሰዱኝ። እዚህ አገር የወደቀ ጓንት ያገኘ ሰው ባለቤቱ እንዲያየው አጥር ላይ ይሰቅለዋል። ምሰሶው ላይም ብዙ ጓንት ተሰቅሏል። ከሁሉም በላይ፣ እጄ ከማይደርስበት፣ የአባቴ መስቀል ተንጠልጥሏል።

«እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?» አልኳቸው እንባዬ እየመጣ።

«እኔ ነኝ። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ፣ በረዶው ከፍ ባለ ቁጥር እኔም ከፍ አደርገው ነበር።»