አራት ወታደር በአንድ ትንፋሽ

ትናንት በልጅ ልጄ ስልክ ቼዝ ልጫወት ብዬ አንዷን ወታደር ካስኬድኩ በኋላ ሁለተኛዋን ብገፋት፣ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች፤ ልጁ «አባባ፣ ተራዎት አይደለም እኮ!» ብሎ ሲስቅብኝ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት መሐል የደብረ ሲና ብርድ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

ይህን ጨዋታ፣ ያኔ ሰንጠረዥ የምንለውን፣ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ገበታው በጠመኔ የተሰመረ ቀይ ጨርቅ፣ ንጉሡ ክሩ ያለቀበት የእንጨት ማጠንጠኛ፣ ወታደሮቹ የካፖርት ቁልፎች (ቆላ ላይ ካፖርት ማን ያሰፋል፣ ቁልፎቹ ሥራ ፈት ነበሩ!)። ጨዋታው ሲከፈት ተራ ብሎ ነገር የለም፤ «ቢስሚላህ» ብለን ሁለታችንም እኩል፣ እጃችን እንዳመጣልን ወታደሮቻችንን ወደፊት እያስኬድን እንደረድራለን፤ ወረራ ይባላል። ተራ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። እጄ ፈጣን ነበር፤ ጭንቅላቴ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰበትም።

ደብረ ሲና ላይ የተማሪዎች የቼዝ ውድድር ሲዘጋጅ ተመረጥኩ። ጋሽ ሰይድም፣ ዕድሜ ልካቸውን ጨዋታቸውን ከሰፈር ውጭ ያየላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ንጹሕ ሽርጣቸውን አገልድመው አብረውኝ ወጡ።

ዳኛው «ጀምሩ» ከማለቱ በአንድ ትንፋሽ አራት ወታደርና አንድ ፈረስ አሰለፍኩ። ባላጋራዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። አዘንኩለትና «ምን ትጠብቃለህ፣ ደርድር እንጂ!» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ተነሡ፦ «ጌታው፣ ልጁ አላጠፋም። አከፋፈቱ እንዲህ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።» ዳኛው ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ በትሕትና «አባባ፣ እንዲህ የሚባል አከፋፈት የለም» አላቸውና አሰናበተኝ። ልሟገትላቸው አፌን ብከፍት፣ ጥርሴ በደብረ ሲና ብርድ ተንገጫገጨ።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቁን ዘረጉ። የእኔ እጅ ሮጠ፤ የእሳቸው አልተነሣም።

«ተራው የማን ነው?» አሉኝ።

«ተራ የለም እኮ፣ ጋሼ!»

«ኧረ ተው ልጄ፣ አለ ተብለናል።»

ለመንኳቸው፣ ቀለድኩባቸው፣ አኮረፍኳቸው፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲያ አሸንፈውኝ አያውቁም፤ እንደኔ ያለ ሳይፈልግ የሚያሸንፍ ምስኪን ያገሬ ሰው አይቶ አያውቅም። ዛሬ ከተማው ቼዝ በሚያውቅ ወጣት ተሞልቷል፤ ከእኔ ጋር እኩል የሚደረድር ግን አንድም የለም። ያ እንደ መርፌ ይበር የነበረ የጋሽ ሰይድ እጅም እስኪሞቱ ድረስ ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፎ እኔ እስክጫወት ሲጠብቅ ኖረ።