የስልኩን መስመር የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ስነግራቸው ይህችን እየዘለልኩ ስንት ጾም አለፈ! አንተ የምታነበው ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ ልብህ ቢራራም እንዳታዝንልኝ።

ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚመጣበት ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ያለን መስመር አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ሲይዘው ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲኖር ብቻ እንዲደውል፣ ሥራው ሲያልቅም መስመሩን እንዲለቅ የሚታዘዝበት ፋይል ነበር። ያንን ፋይል የሚነካው እኔ ብቻ ነኝ። ነካሁት። ከውጭ አገር የትምህርት ዕድል ጠይቄ መልሱን እጠባበቅ ነበርና መስመሩ በየጊዜው መቆራረጡ ቢሰለቸኝ፣ ሥራ ባይኖርም እንዳይዘጋ አድርጌ ጻፍኩበት። ማንን አስፈቅጄ? ማንንም።

ስልኩ የሚቀመጠው እትዬ ዘይነባ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጸሐፊያችን ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ሴት ልጆች የሚያሳድጉ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ዱዓ የሚያደርጉ ሴት። የዚያን ቀን ጠዋት መጥተው ስልኩ እየተንጫጫ አላሠራ እንዳላቸው ነገሩኝ። ዝናቡ ገመዱን አርሶት ይሆናል አልኳቸው። አመኑኝ።

ለካ በወግዲ በኩል አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባታል። የአካባቢው የጤና ባለሙያ ደጋግማ ትደውልልናለች፤ መኪና ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። ስልኩ ተይዟል። አሁንም ተይዟል። ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቷል። መኪናዋ ግቢያችን ቆማ ነው የዋለችው።

ወሬው ሲደርሰኝ ምን አደረግሁ? አለቀስኩ? ሮጬ ተናገርኩ? ኮምፒውተሩን ከፈትኩ! ፕሮግራሙ የደወለበትንና የዘጋበትን ሰዓት የሚመዘግብ ሌላ ፋይል አለ፤ የእኔ ሥራ አንድ በአንድ ተጽፎበታል። አጠፋሁት። የነካሁትንም ፋይል እንደ ነበረ መለስኩት።

ግምገማ ተጠራ። እትዬ ዘይነባ ከዘመድ ጋር ወሬ ይዘው መስመሩን ዘግተዋል ተባሉ። እሳቸው ብድግ ብለው፣

«ወላሂ አልያዝኩም። መንጫጫቱን ጠዋት ለዚህ ልጅ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ይናገር» አሉ።

ተሰብሳቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አልነገሩኝም» አልኩ።

በዚያች አንዲት ቃል ከሥራ ተባረሩ። እኔን ደግሞ በዚያው ዓመት ታታሪ ሠራተኛ ብለው አጨበጨቡልኝ። ያ ሁሉ ሰው ለሃያ ደቂቃ ገምግሞ የአንዲትን ሴት እንጀራ ሲቆርጥ፣ አንድ ሰው እንኳ ኮምፒውተሩን እንይ አላለም። እነሱን ግን ምን አፍ አለኝና እወቅሳለሁ? እነሱ አላወቁም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆሜ እጅ ነሣሁ! ወጣት ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። እሳቸውስ የሚያጡት አልነበረም?

ከብዙ ዓመት በኋላ ወረኢሉ፣ ልጃቸው ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከዚያ፣

«እኔ በበኩሌ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «በዚያች እናት ፈንታ ግን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም። ፈልጋት።»

ፈለግኋት እንዳልል፣ የባሏን ስምና ቀበሌዋን የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቀው ነገረኝ። ወግዲ ሩቅ አይደለም፤ መኪናም አይጠፋም። አልሄድኩም። ዓይኗን ማየት ፈርቼ በወረቀት ላይ ለማላውቀው ሰው እናዘዛለሁ። ይህም ሌላ ሽሽት ነው። ስለዚህ አንተ ይቅር አትበለኝ፤ ይቅር የማለት መብቱ የእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ማን እንደ በደላት አታውቅም።