ለጎረቤት የጎረሰ፣ ለቤት ባዶ

አቶ እንግዳው በእንጅባራ ከተማ የቀርከሃ ወንበር በመሥራት የሚተዳደር፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ድምፁ ከሌላው ሰው ቀድሞ የሚሰማ፣ ስድሳውን የተሻገረ ሰው ነው። የሠራው ወንበር አይነቃነቅም፤ የሰጠው አስተያየትም እንደዚሁ። ቀርከሃ ገና ተቆርጦ ሲወርድ አይቶ የትኛው ለእግር፣ የትኛው ለመደገፊያ እንደሚሆን ይለያል። "አላውቅም" ማለት ግን ለወንበር ሥራ ስለማያስፈልግ ሳይማረው ቀርቷል።

ከአባቱ የወረሰውና በስሙ ያስመዘገበው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ሽጉጥ ከአልጋው ራስጌ በተመታ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ይህ ሽጉጥ ሁለት ኑሮ ነበረው። ለመንደሩ ሰው ጥይት የጎረሰ ነው። አንድ ሰሞን የበግ ሌባ በበዛ ጊዜ እንግዳው በዕድሩ ፊት ቆሞ፣ "የእኔ ሽጉጥ ጎርሶ ነው የሚያድረው" ብሎ ስለተናገረ፣ ሌባው በግራና በቀኝ ያሉትን ቤቶች ጎብኝቶ የእሱን አልፎት ሄደ። ለባለቤቱ ለዘውድነሽ ግን ሽጉጡ ባዶ ነው፤ ያለዚያ ከሥሩ አልተኛም ብላ ነበርና። አንዱ ብረት በአንዱ ምስማር ላይ እንዳለ፣ እንደ ሰሚው ሲጎርስና ሲራገፍ ዘመናት አለፉ። ከሁለቱ ወሬዎች እውነተኛው የትኛው እንደሆነ እንግዳው ራሱ አያውቅም ነበር። አባቱ አከፋፈቱን ሳያሳየው ሞተ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠይቅ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል አለ።

ይህን ሁሉ ያፈረሰችው ሶስና ናት። ሶስና በዳንግላ በነርስነት የምትሠራው የልጁ የዮዲት ልጅ ስትሆን፣ በቅርቡ መራመድ ጀምራ ወዲያው ወደ መንጠላጠል የተሸጋገረች ናት። ሞግዚቷ አግብታ ስለሄደች፣ ከአያቶቿ ዘንድ እንድትከርም ተወሰነ። እንግዳው ወሬውን ለመንደሩ አዳርሶ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ የቀርከሃ ወንበር ሠርቶ ጨርሶ ሲጠባበቅ ዮዲት ደወለች።

"አባዬ፣ ያ ሽጉጥ ጎርሷል ወይስ ባዶ ነው?"

"ባዶ ነዋ።"

"ባለፈው ለእንግዶቹ ጎርሷል ስትል ሰምቼሃለሁ።"

"እሱ ለሰው ነው።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። "በሠርግሽ ዋዜማ ምላጩን ስቤ አላሳየሁሽም? ቀጭ ብሎ ቀረ እኮ። ቢጎርስ ኖሮ ይጮህ ነበር።"

"ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው አለ?"

ስልኩን ዘጋ። በኋላ ለዘውድነሽ ሲያስረዳ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ብሏል፤ ሆኖም የዮዲት የመጨረሻ ቃል በደንብ ደርሶት ነበር። "እስኪታይ ድረስ ሶስና አትመጣም።"

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጥሊሊ ወረደ። እዚያ አሥር አለቃ ወርቅአየሁ የምትባል፣ የወታደርነት ዘመኗን በመሣሪያ ግምጃ ቤት ያሳለፈች፣ አሁን ትንሽ ሱቅ ያላት ጡረተኛ አለች።

"አንድ ወዳጅ አለኝ" ሲል ጀመረ። "አሮጌ ሽጉጥ ይዞ አከፋፈቱ ጠፋበት።"

"ይዞት ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሠላሳ ቢሆነው ነው።"

"በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልከፈተውም?"

"ሥራ ይበዛበታል።"

"ወንበር ይሠራል?" አለች እጅጌው ላይ የተሰካውን የቀርከሃ ስንጣሪ እያየች።

እንግዳው መደርደሪያው ላይ ወዳለው የዘይት ጠርሙስ ዓይኑን አዞረ። "አልፎ አልፎ።"

"እንግዲያው ለወዳጅዎ ይንገሩልኝ" አለች ወርቅአየሁ ሳትስቅ። "በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት እንዳይዞር። ከተሰቀለበትም እንዳያወርደው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ፤ ቤቱን እርስዎ ያሳዩኛል።"

እሑድ መጣች። አሸዋ የሞላ ጆንያ ከጭቃው ግድግዳ ጋር አስደግፋ ካስቀመጠች በኋላ ባልና ሚስቱን ከኋላዋ አቆመች። ሽጉጡን ስታወርድ ጣቷ ከምላጩ ርቆ፣ አፈሙዙ ጆንያውን እያየ ነበር። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ በአውራ ጣቷ ገፋች። ምላሲቱ ዝጋ ስለነበር ትንሽ ካንገራገረች በኋላ ታዘዘች፤ አፈሙዙም እንደ በር በማጠፊያው ላይ ታጥፎ ወደ ታች ወረደ።

በተከፈተው ቀዳዳ ውስጥ የጥይት ቂጥ ያብለጨልጭ ነበር።

ወርቅአየሁ ጥይቱን በጥንቃቄ አውጥታ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችውና፣ "መነጽርዎን አድርገው ሳይነኩ ይመልከቱት" አለችው። መካከሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ነበረች።

"ይቺ የመርፌ ምልክት ናት። እዚህ ከኋላ ያለው መዶሻ ነው፤ በአውራ ጣት ሲሳብ ውስጥ ያለው ሞላ ይወጠራል። ምላጩን ሲስቡት መዶሻው ተለቆ መርፌውን፣ መርፌው ደግሞ ጥይቱን ይመታል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህ ጥይት ተመትቷል። ያልጮኸው አርጅቶ ወይም ረጥቦ እንጂ ሽጉጡ ባዶ ስለሆነ አይደለም። ቀጭ ማለቱ ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ዓይን ነው።"

እንግዳው የሠርጉን ዋዜማ አስታወሰ። ምላጩን የሳበው አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ጎረምሶች ዳስ ይጥሉ ነበር፤ ዮዲት አጠገቡ ቆማ ትስቅ ነበር። የገዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ እንደ ልማዱ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው ሠሪው ነበር።

"ይገርማል" አለች ዘውድነሽ በመጨረሻ። "እውነቱን ለሌባው ነግረህ፣ ውሸቱን ለእኔ ነገርከኝ።"

"አውቄ መሰለሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አላውቅም ነበር።"

ዘውድነሽ ቀና ብላ አየችው። ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልትጨምረው ያሰበችውንም ተወችው።

ጥይቱን ወርቅአየሁ ያስጠራቻቸው ፖሊሶች ተረክበው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ሽጉጥ ለእንግዳው ሰጥታ እስኪለምድ ድረስ አሠራችው። አፈሙዙ ወደ ጆንያው፣ ጣት ከምላጩ ውጭ፣ ምላሲቱን ገፍቶ መክፈት፣ ቀዳዳውን ማየት፣ በብርሃን ደግሞ ማየት። አንድ ጊዜ ሳያይ "ባዶ ነው" ብሎ ቢያመልጠው፣ "ማን ነገረዎት?" ብላ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። የቀርከሃ እጅ ጥሩ እጅ ነውና ቶሎ ገባው፤ እንዲያውም የማጠፊያውን አሠራር አድንቆ ታጣፊ ወንበር ስለመሥራት ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ዮዲት ሶስናን አዝላ ከዳንግላ ስትመጣ እንግዳው ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ጓዳ አስገባት። አዲስ የተገዛውን የብረት ሣጥን ከፍቶ ሽጉጡን እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ባዶ ነው አላላትም።

"እይው" አላት።

ዮዲት አንስታ ወደ መስኮቱ አቅንታ በባዶው ቀዳዳ በኩል አየች። በወዲያኛው ጫፍ ያለው የቀን ብርሃን ብቻ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

"ቁልፉስ?"

"ከእናትሽ ዘንድ ነው የሚኖረው። እኔ ወሬ ስለማበዛ።"

"ጎረቤት ሲጠይቅህስ?"

"ባዶ ነው እላለሁ። ሌባው ከመጣ ወንበር እንሸጥለታለን።"

ዮዲት ሳትወድ ሳቀች። ሣጥኑ እስኪቆለፍ ጠበቀች፤ ከዚያ አንቀልባውን ፈትታ ሶስናን ከጀርባዋ አወረደቻት።

ልጅቱ ለእሷ የተሠራላትን ወንበር አልፋ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች። በትራሱ ላይ ተንጠላጥላ ወጣች፣ በእግሯ ጣቶች ቆመች፣ እጇን ዘረጋችና ራስጌ ያለውን ምስማር ጨበጠች። ምንም አልተንጠለጠለበትም። ዞር ብላ አያቷን እየወቀሰች ተመለከተችው።

"እሱ ባዶ ነው" አላት እንግዳው። "አይቼዋለሁ።"